ጣፎ ያላየው የጣፎ የውድድር ዓመት

በዚህ ወር ከደረሱን ደብዳቤዎች መካከል ብዙዎቹ ስለ ኢትዮጵያ ፕሪሚየር ሊግ የሚጠይቁ ናቸው። ለዚህ እትም የመረጥናቸው ከአዲስ አበባ ዳርቻ፣ ከለገጣፎ፣ ከአያት፣ ከአቃቂ፣ ከቡራዩና ከኮተቤ የተላኩትን ነው። የመጀመሪያው ጥያቄ ሰፊ መልስ የሚፈልግ በመሆኑ ብዙውን ቦታ ለእሱ ሰጥተናል።

ጥያቄ፦ የምኖረው ለገጣፎ ነው። በ2015 ዓ.ም. የከተማችን ክለብ ለገጣፎ ለገዳዲ በፕሪሚየር ሊግ ይወዳደር ነበር። ያን ጊዜ ሁለተኛ ክፍል የነበረው ልጄ አሁን ከፍ ብሎ «አባዬ፣ ጣፎ የት ነበር የሚጫወተው? ሄደህ አይተሃል?» ብሎ ጠየቀኝ። አንድ ቀን ከሰፈር ሰዎች ጋር አዳማ ወርጄ ከማየቴ በቀር እዚሁ ከተማችን አንድም ጨዋታ እንዳላየሁ ስነግረው አላመነኝም። የራሳችን ክለብ ለምን በራሳችን ሜዳ አልተጫወተም? በአንድ ዓመት የወረደውስ ለምንድን ነው?
*የሁለት ልጆች አባት፣ ከለገጣፎ*

መልስ፦ ውድ አንባቢያችን፣ ልጅዎ አላምን ቢልዎት አይፈረድበትም። እሱ የሚያውቀው የሰፈር ቡድን ሰፈር ውስጥ ሲጫወት ነው፤ ታላላቆቹ እሑድ ጠዋት ድንጋይ ጎል አድርገው ሲጋጠሙ ከዳር ቆሞ ያየ ልጅ፣ የከተማው ስም የተጻፈበት ማልያ የሚለብስ ቡድን ዓመቱን ሙሉ ከከተማው ውጭ ከረመ ሲባል ግር ቢለው ተገቢ ነው። ይሁን እንጂ የነገሩት እውነት ነው፤ እንዲያውም እርስዎ አንዱን ጨዋታ በዓይንዎ በማየትዎ ከብዙ የከተማዎ ነዋሪ የተሻለ ዕድል ነበረዎት።

የ2015 የውድድር ዓመት በ16 ክለቦች መካከል የተካሄደ ነበር። እያንዳንዱ ክለብ ከቀሩት 15 ክለቦች ጋር ሁለት ሁለት ጊዜ ስለሚገናኝ 30 ጨዋታ ያደርጋል፤ የሁሉም ሲደመር 240 ይሆናል። በመርሐ ግብሩ ላይ ለገጣፎ ለገዳዲ ከ30ዎቹ ጨዋታዎች በግማሹ «ባለሜዳ» ተብሎ የተመዘገበ ቢሆንም፣ ሊጉ በዚያ ዓመት በባሕር ዳር፣ በድሬዳዋ፣ በአዳማና በሐዋሳ እየተዘዋወረ የተካሄደ በመሆኑ ቃሉ ከወረቀት አላለፈም። ክለቦቹ በሙሉ በአንድ ከተማ ይሰበሰባሉ፣ የተወሰኑ ሳምንታት ጨዋታ እዚያው አከናውነው ወደሚቀጥለው ከተማ ይጓዛሉ። ከ240ዎቹ ጨዋታዎች አንዱም ለገጣፎ አልደረሰም።

ይህ አሠራር የተጀመረው በ2013 ዓ.ም. ሲሆን ምክንያቶቹ አንድ ብቻ አልነበሩም። የኮሮና ወረርሽኝ በነበረበት ወቅት ቡድኖች ከከተማ ከተማ ሲመላለሱ በሽታውን እንዳያዛምቱ አንድ ቦታ ሰብስቦ መመርመርና መቆጣጠር ይቀል ነበር። በዚያው ዓመት ሊጉን የሚያስተዳድረው በክለቦቹ የተቋቋመው አክሲዮን ማኅበር ከዲኤስቲቪ ጋር የአምስት ዓመት የሥርጭት ውል በመፈራረሙ፣ ካሜራውንና የሥርጭት መኪናውን በየሳምንቱ ወደተለያዩ ከተሞች ከመበተን ይልቅ አንድ ስታዲየም ውስጥ አቁሞ በቀን ሁለት ጨዋታ ማስተላለፍ ተመራጭ ሆነ። በዚህ ላይ ከዚያ ቀደም በነበሩት ዓመታት በደጋፊዎች መካከል የተነሡ ግጭቶችና የመንገድ ጸጥታ ስጋት ነበሩ፤ የክልል ክለቦች አንዳንድ ጨዋታዎቻቸውን በገለልተኛ ሜዳ ለማድረግ የተገደዱበት ጊዜም ነበር። እነዚህ ምክንያቶች እውነተኛ ናቸው፤ ውሳኔውን የወሰኑትን ሰዎች ያለ በቂ ምክንያት ነው ብሎ መክሰስ ተገቢ አይደለም።

ነገር ግን ጉዳቱን እኩል የተካፈሉት ሁሉም ክለቦች አልነበሩም። ሊጉ ባሕር ዳር ሲከርም ባሕር ዳር ከተማ በሕዝቡ ፊት ይጫወታል፤ ድሬዳዋ ሲሄድ ድሬዳዋ ከተማ፣ አዳማ ሲመጣ አዳማ ከተማ፣ ሐዋሳ ሲደርስ ሐዋሳ ከተማና ሲዳማ ቡና በየተራቸው ደጋፊያቸውን ያገኛሉ። ደረጃውን የጠበቀ ስታዲየም የሌለው ከተማ ክለብ ግን ከመስከረም ጀምሮ እስከ ውድድሩ ፍጻሜ እንግዳ እንደሆነ ይዘልቃል። ለአንጋፋዎቹ የአዲስ አበባ ክለቦች እንኳ ችግሩ ይቀልላቸው ነበር፤ ደጋፊያቸው በአገሩ ሁሉ የተበተነ ስለሆነ በሄዱበት የሚቀበላቸው አያጡም። ለገጣፎ ለገዳዲ ግን ደጋፊው ያለው ለገጣፎ ብቻ ነው።

በዚያ ዓመት የዚህ ዐምድ አዘጋጅ አንድ የጣፎን ጨዋታ ለማየት ወደ ከተማዎ መጥቶ ነበር፤ የመጣው ግን ወደ ሜዳ ሳይሆን ወደ ዲኤስቲቪ ቤት ነበር። ከዋናው አስፋልት ገባ ብሎ ግድግዳውም ጣሪያውም ቆርቆሮ የሆነ፣ አግዳሚ ወንበሮች የተደረደሩበት ጠባብ ቤት ነው። የመግቢያ ያጡ ልጆች በቆርቆሮው ቀዳዳ ዓይናቸውን አስጠግተው ተደርድረው ነበር፤ በቀዳዳው የሚያየው አንዱ ሲሆን ላላዩት የሚናገረውም እሱ ነው። ከፊት ወንበር ላይ ጋቢ የለበሱ አንድ አባት ከዘራቸውን በጉልበታቸው መካከል አቁመው ተቀምጠዋል። ካሜራው ከጣፎ ተጫዋቾች አንዱን ቀረብ አድርጎ ሲያሳይ «ይኸ ልጅ እኮ ወተት ከእኛ ቤት ነበር የሚወስደው» አሉ፣ ለማንም ሳይሆን ለራሳቸው። ቡድኑ ግብ ሲገባበት ቤቱ ሁሉ ሲጮኽ እሳቸው ምንም አላሉም፤ ከዘራውን ብቻ ግማሽ ዙር አዞሩት። ልጁ ከእሳቸው ደጅ ጥቂት መቶ ሜትር ርቀት ላይ ባደገበት ሜዳ ቢጫወት ኖሮ ወጥተው እንደሚያዩት፣ ሲሳሳት በስሙ ጠርተው እንደሚቆጡት፣ ሲያሸንፍም እጁን እንደሚጨብጡት አያጠራጥርም። ጣፎ በዚያ ዓመት ያጣው ይህን ነው ብለን እናምናለን።

ወደ ሁለተኛው ጥያቄዎ ስንመጣ፣ ክለቡ የወረደው ደጋፊውን በማጣቱ ብቻ ነው ብለን ብንጽፍ ልክ አንሆንም፤ ለዚህም ጥሩ ማስረጃ አለ። በ2014 ዓ.ም. ከፕሪሚየር ሊግ በታች ካለው ከከፍተኛ ሊግ ወደ ፕሪሚየር ሊግ ያደጉት ክለቦች ሦስት ነበሩ፤ ለገጣፎ ለገዳዲ፣ ኢትዮ ኤሌክትሪክና ኢትዮጵያ መድን። ሦስቱም ያለ ሜዳ ተጫወቱ፣ ሦስቱም ከሆቴል ሆቴል ተጓዙ። በዓመቱ መጨረሻ ግን ለገጣፎ ለገዳዲና ኢትዮ ኤሌክትሪክ ከአርባ ምንጭ ከተማ ጋር ሲወርዱ፣ መድን ከሰንጠረዡ አናት ካሉት ተርታ ተሰለፈ። ቅዱስ ጊዮርጊስ ዋንጫውን ያነሣበት፣ ባሕር ዳር ከተማ ሁለተኛ የወጣበት ዓመት ነበር። መድን ቀጥሎም በ2017 ዓ.ም. በአሰልጣኝ ገብረመድኅን ኃይሌ መሪነት በታሪኩ የመጀመሪያውን የፕሪሚየር ሊግ ዋንጫ ወሰደ። ይህ አሰልጣኝ ቀደም ሲል በ2010 ከጅማ አባ ጅፋር ጋር፣ በ2011 ደግሞ ከመቐለ 70 እንደርታ ጋር ሻምፒዮን ሆኖ የነበረ ሰው መሆኑ ሲታሰብ፣ ልምድ ያለው አሰልጣኝና ጊዜ የተሰጠው ቡድን ምን ሊሠራ እንደሚችል ያሳያል።

ከከፍተኛ ሊግ የሚያድግ የከተማ ክለብ ብዙውን ጊዜ ገንዘቡን የሚያገኘው ከከተማ አስተዳደሩ በጀት ነው። በከፍተኛ ሊግ የበቃው ተጫዋች በፕሪሚየር ሊግ ላይበቃ ይችላል፤ የሚበቃውን ለማስፈረም ደግሞ ከባንክ፣ ከመድን ድርጅትና ከመብራት ኃይል ክለቦች ጋር በዝውውር መስኮት መፎካከር ያስፈልጋል። በዚህ ላይ ተጫዋቾቹን፣ አሰልጣኞቹንና ወጌሻውን ለወራት በሌላ ከተማ ማሳደርና መቀለብ የሚጠይቀው ወጪ ይደረብበታል። በራሱ ሜዳ የሚጫወት ክለብ ሲያሸንፍ ቢያንስ የመግቢያ ገቢና የነዋሪውን መዋጮ ያገኛል፤ እንግዳ ሆኖ የሚኖር ክለብ ይህም የለውም። ስለዚህ ሜዳ ማጣት ብቻውን ባያወርድም፣ አስቀድሞ አቅሙ ለተመናመነ ክለብ ግን የመጨረሻውን መደገፊያ የሚወስድ ነው። አብረውት የወረዱት ኢትዮ ኤሌክትሪክና አርባ ምንጭ ከተማ በ2017 ዓ.ም. ወደ ፕሪሚየር ሊጉ ሲመለሱ ጣፎ አብሯቸው አልነበረም።

ለልጅዎ እንዲህ ብለው ቢነግሩት ደስ ይለናል፦ ከተማችሁ በአዲስ የተዋቀረው የሸገር ከተማ አካል በሆነችበት በዚያው በ2015 ዓ.ም. ክለባችሁ ከቅዱስ ጊዮርጊስ፣ ከኢትዮጵያ ቡናና ከፋሲል ከነማ ጋር በአንድ ሰንጠረዥ ላይ ስሙ ተጽፎ ነበር። አዳማ ላይ ያዩትን ጨዋታም፣ ከቱሉ ዲምቱ ተነሥታችሁ በፈጣን መንገዱ ስትወርዱ መኪና ውስጥ የተባለውን ሳይቀር፣ ሳያሳጥሩ ይንገሩት። ከዲኤስቲቪ በቀር ያን ዓመት ለእሱ ሊያሳየው የሚችል እርስዎ ነዎት።

ጥያቄ፦ የዘጠነኛ ክፍል ተማሪ ነኝ። አቡበከር ናስር በአንድ የውድድር ዓመት 29 ግብ እንዳገባ ሰምቻለሁ። ጓደኛዬ ግን በዚያ ዓመት የሚጫወቱት ክለቦች ያነሱ ስለነበሩ ክብረ ወሰኑ አይቆጠርም ይላል። ማነው ልክ?
*ከአያት*

መልስ፦ ልክ አንተ ነህ፤ የጓደኛህ ምክንያት እንዲያውም አንተን ነው የሚረዳው። በ2013 ዓ.ም. የትግራይ ክለቦች፣ መቐለ 70 እንደርታ፣ ወልዋሎ ዓዲግራትና ስሑል ሽረ፣ በጦርነቱ ምክንያት ባለመወዳደራቸው ሊጉ በ13 ክለቦች ተካሄደ። ቁጥሩ ጎዶሎ ስለነበር በየሳምንቱ አንድ ክለብ ያርፋል፤ እያንዳንዱም በዓመቱ 24 ጨዋታ ብቻ ያደርጋል። አቡበከር ለኢትዮጵያ ቡና 29 ግብ ያስቆጠረው እንግዲህ ከ30 በሚያንስ የጨዋታ ቁጥር ነው፤ በአማካይ ከአንድ በላይ በጨዋታ ማለት ነው። ጨዋታው ማነሱ ለአጥቂ ጥቅም ሳይሆን ጉዳት ነው።

ከእሱ በፊት የነበረው ክብረ ወሰን 24 ግብ ሲሆን፣ ባለቤቱ በ1993 ዓ.ም. ለመብራት ኃይል ይጫወት የነበረው ዮርዳኖስ ዓባይ ነው። ሃያ ዓመት ሙሉ ያልተነካ ቁጥር ነበር። አቡበከር ይህን ካደረገ በኋላ በ2014 ዓ.ም. ወደ ደቡብ አፍሪካው ማሜሎዲ ሰንዳውንስ ተዛወረ። ልብ በል፣ ያን ዓመት ዋንጫውን የወሰደው ቡና አይደለም፤ በአሰልጣኝ ሥዩም ከበደ የሚመራው ፋሲል ከነማ ነው። አንድ ሰው 29 ግብ አግብቶም ቡድኑ ሻምፒዮን ላይሆን እንደሚችል ለጓደኛህ ንገረው።

ጥያቄ፦ ሁለት ክለቦች እኩል ነጥብ ይዘው ቢጨርሱ ሻምፒዮኑ የሚለየው በምንድን ነው? በእኛ ሊግ እንዲህ ያለ ነገር ተከስቶ ያውቃል?
*ከአቃቂ ቃሊቲ*

መልስ፦ የሚለየው በግብ ክፍያ ነው፤ ይኸውም ካስቆጠሩት ግብ ላይ የተቆጠረባቸው ተቀንሶ የሚገኘው ልዩነት ነው። ተከስቶ ያውቃል፤ በ2010 ዓ.ም. ጅማ አባ ጅፋርና ቅዱስ ጊዮርጊስ እኩል ነጥብ ይዘው ሲጨርሱ ጅማ በግብ ክፍያ በልጦ ዋንጫውን ወሰደ። ፈረሰኞቹ የሚባሉት ቅዱስ ጊዮርጊሶች ከዚያ በፊት ከ2006 እስከ 2009 አራት ዓመት በተከታታይ አሸንፈው ስለነበር አምስተኛውን ያጡት በዚህ ልዩነት ነው። የሚደንቀው ግን ጅማ ፕሪሚየር ሊጉን የተቀላቀለው በዚያው ዓመት መሆኑ ነው። በ2016 ዓ.ም. ኢትዮጵያ ንግድ ባንክም እንዲሁ ከከፍተኛ ሊግ ባደገበት ዓመት ሻምፒዮን ሆኗል። አዳጊ ክለብ ሁሉ ወራጅ ነው የሚሉ ሰዎች እነዚህን ሁለት ዓመታት ቢያስታውሱ መልካም ነው።

ጥያቄ፦ በሻምፒዮኖች ዝርዝር ላይ 2012 ዓ.ም. ለምን ባዶ ሆነ?
*ከቡራዩ*

መልስ፦ በኮሮና ወረርሽኝ ምክንያት ውድድሩ ሳይጠናቀቅ ስለተሰረዘ ነው። ሻምፒዮን አልተባለም፣ የወረደም የለም።

ጥያቄ፦ ዕድሜዬ 68 ነው። በ1990ዎቹ ከኮተቤ አንበሳ አውቶቡስ ተሳፍሬ ቅዳሜና እሑድ አዲስ አበባ ስታዲየም እሄድ ነበር፤ መቀመጫዬ ካታንጋ የሚባለው የተመልካች ክፍል ነበር። አሁን ጨዋታውን የማየው በልጄ ቤት በቴሌቪዥን ነው። ውድድሩ ወደ እኛ ከተማ የሚመለስ ይመስላችኋል? ከደብዳቤው ጋር ያቆየኋትን የ1993 ዓ.ም. የመግቢያ ትኬት ልኬላችኋለሁ።
*ከኮተቤ*

መልስ፦ አባታችን፣ ትኬትዎ በደህና ደርሶናል፤ ጠርዟ ቢበላም ቀዩ ማኅተም እስካሁን ይነበባል። የ2013 የውድድር ዓመት ሲጀመር የመጀመሪያዎቹ ሳምንታት በአዲስ አበባ ስታዲየም ተካሂደው እንደነበር ያስታውሱ ይሆናል፤ ከዚያ ወዲህ ስታዲየሙ ለእድሳት ተዘግቶ ካታንጋም፣ ሚስማር ተራም፣ ከማን አንሼም ሰው ናፍቋቸው ከርመዋል። ቦሌ ላይ የሚገነባው አደይ አበባ ስታዲየም ሲያልቅ ከ60 ሺህ በላይ ተመልካች እንዲይዝ ታስቦ የተጀመረ ነው።

እኛ ግን ተስፋችንን በትልቁ ስታዲየም ላይ ብቻ ማድረግ አንፈልግም። ለአንድ የፕሪሚየር ሊግ ጨዋታ ከ60 ሺህ ወንበር በፊት የሚያስፈልጉት ደልዳላ ሣር፣ በሚገባ የታጠረ ሜዳ፣ ለሁለቱ ቡድኖችና ለዳኞች የሚሆን መልበሻ ክፍል፣ የካሜራ ማቆሚያና የሚያስተማምን መብራት ናቸው። በለገጣፎ፣ በአቃቂ፣ በሰበታና በሱሉልታ እነዚህን የሚያሟላ አምስት ሺህ ሰው የሚይዝ ሜዳ ቢኖር፣ ሊጉ በከተሞች መዘዋወሩን ባይተው እንኳ ክለቦች በመርሐ ግብሩ ላይ «ባለሜዳ» ከተባሉባቸው ጨዋታዎች ቢያንስ ጥቂቶቹን በሕዝባቸው ፊት ማድረግ ይችሉ ነበር። ጥያቄዎ የእኛም ነው፤ ጉዳዩ ለሚመለከታቸው ሁሉ ደጋግመን እናቀርበዋለን።

አንድ ነገር እንለምንዎት። ከላይ እንዳነበቡት ከአያት የጻፈልን ተማሪ ስለ ግብ ክብረ ወሰን ጠይቆናል፤ እርስዎ የላኩልን ትኬት ደግሞ ዮርዳኖስ ዓባይ 24 ግብ ያስቆጠረበት ዓመት ትኬት ነው። ከእነዚያ ግቦች ካታንጋ ተቀምጠው ያዩት ካለ፣ ኳሷ ከየት መጥታ እንዴት እንደገባች በሚያስታውሱት መጠን ቢጽፉልን በሚቀጥለው እትም ከትኬትዋ ፎቶግራፍ ጋር ለልጁ እናትምለታለን። ዋናዋን ትኬት በአደራ ደብዳቤ መልሰን ልከንልዎታል።